የአንድ አሮጌ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ፍተሻ በደብረ ታቦር ከፍታ
ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፋኩልቲ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገረው በፊታችሁ ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠው ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተሠራ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ነው፤ «ኢንተግሬትድ» ከሚባለው ወገን። ከቴፕና ከሸክላ ማጫወቻ የሚመጣውን ደካማ ምልክት የሚቀበለው ቅድመ ማጉያ፣ የድምፅ ቃና መቆጣጠሪያዎቹ፣ ስፒከሩን የሚነዳው የኃይል ማጉያ፣ ሁሉም በአንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ የምናገረው በዚያ ዘመን ለተሠሩት ለአብዛኞቹ ይሠራልና። በጀርባው ላይ በየቻናሉ 35 ዋት፣ በ8 ኦም ጭነት የሚል ተጽፎበታል።

ይህን ዕቃ ለመለካት የተነሣነው ለአሮጌ ዕቃ ካለን ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ፍቅሩ እንዳለብኝ ግን አልክድም። ዋናው ምክንያት ካሴቶች ናቸው። እንደምታውቁት ደቡብ ጎንደር የዜማ አገር ነው። የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት የሆነችው ዙር አምባ፣ ሁለቱም በዚሁ በጋይንት በኩል ናቸው። ከፎገራው ሊቅ ከአለቃ ገብረ ሐና ጋር ስሙ የሚነሣው የተክሌ አቋቋምም ከደብረ ታቦር ተለይቶ አይታይም። ካሴት መቅረጫ በየቤቱ ከገባ በኋላ ደቀ መዛሙርትና ምእመናን የመምህራኑን ድምፅ ይቀዱ ነበር። አንድ ቤተሰብ ያኖራቸውን እነዚህን ካሴቶች ለጥናት ሲሰጠን፣ በአብዛኞቹ ላይ የባለ ድምፁ ስም አልነበረም።

ስለዚህ በወጣትነታቸው ከመምህራኑ እግር ሥር የተማሩ ሁለት መሪጌቶችን ጋብዘን በዚሁ አምፕሊፋየር አሰማናቸው። አንደኛው አባት፣ «ይህ የየኔታ ድምፅ ነው፤ አወጣጡም የእሳቸው ነው» አሉ። ሁለተኛው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አወጣጡ የእሳቸው ነው፤ ድምፁ ግን የልጅ ነው። ደግሞም ዝቅ ሲል ይሻክራል። የኔታ ዝቅ ሲሉ ድምፃቸው እንደ ሐር ነበር» አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በመዝገብ ላይ የምንጽፈው ስም ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ የሚያምነው ስም ነው፤ ድምፁን በጆሮው ለይቶ «እሳቸው ናቸው» ወይም «አይደሉም» የሚል ሰው ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

አንድ ተማሪ ያን ዕለት፣ «ካሴቱን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር አስገብተን አምፕሊፋየሩን ለምን አንተወውም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ለማኅደር የሚቀመጠው ቅጂ እንዲያ ነው የተሠራው፤ ከቴፑ የመስመር መውጫ በቀጥታ። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ የሚሰሙት ፋይሉን ሳይሆን ከስፒከር የሚወጣውን ድምፅ ነው። ምስክርነታቸው በዚህ ዕቃ በኩል ያልፋል። ምስክሩን ከመጠየቃችን በፊት በመካከል የቆመውን አስተርጓሚ መመርመር ነበረብን።

ወደ ልኬቱ እንግባ። የአርባና የአምሳ ዓመት ዕቃ በቀጥታ መሰኪያ ላይ አይሰካም። በመጀመሪያ በጀርባው ያለው የቮልቴጅ መምረጫ ይታያል፤ ብዙ የጃፓን ዕቃዎች ለ100 ወይም ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸውና በእኛ 220 ቮልት ላይ በአንድ ሰከንድ ያበቃላቸዋል። ቀጥሎ በተከታታይ አንድ የ60 ዋት አምፖል ታስሮ ይበራል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደኅና ነው፤ እንደ ደመቀ ከቀረ ውስጡ አጭር ዑደት አለ። ከዚያ ስፒከር ሳይታሰር በመውጫው ላይ ያለው ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይለካል። ከ50 ሚሊቮልት ከበለጠ ስፒከራችሁን አትስጡት።

ልኬቱ ራሱ በስፒከር ላይ አይደረግም። የስፒከር ኦም ከድግግሞሹ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ቤቱም ስለሚያደነቁር፣ በምትኩ ቋሚ የ8 ኦም ጭነት ያስፈልጋል። የፋብሪካ ጭነት ውድ ነው፤ ገበያችን ውስጥ ግን የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ሞልቷል። በ220 ቮልት 1,000 ዋት የሚስብ ሽቦ 48.4 ኦም ነው፤ ስድስተኛው እጁ 8 ኦም ከጥቂት ፍርፋሪ ጋር ይሆናል። ይህ ኒክሮም የሚባለው ብረት ሲሞቅ ኦሙ እምብዛም አይለወጥም፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በሸክላ ላይ ጠምጥመን ሁለት ጭነት ሠራን፤ ለየቻናሉ አንድ።

«ዋት» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ብዙ ሰው አታሏል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ አምራቾች አንዱን ቻናል ብቻ እየነዱ፣ ለቅጽበት የሚታየውን ጫፍ እየቆጠሩ፣ በመጨረሻም እጥፍ እያደረጉ ያስታውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አወጣ፤ ዋት የሚባለው ሁለቱም ቻናሎች አብረው እየተነዱ የሚወጣው ቀጣይ ኃይል መሆን አለበት፤ ጭነቱ፣ የድግግሞሹ ወሰንና የመዛባቱ መጠንም አብሮ ይነገር፤ ከልኬቱም በፊት ዕቃው በኃይሉ ሲሶ ለአንድ ሰዓት ይሥራ አለ። ለምን ሲሶ? ለምን ሙሉውን አላለም? እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ወደ አገራችን ከፍታ የሚያደርሰን ይህ ጥያቄ ነውና።

የዚህ ዓይነት ማጉያ ትራንዚስተሮቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ የሞገዱን ላይኛ ግማሽ፣ ሌላው ታችኛውን ይሸከማል። ሙሉ ኃይል ሲሰጥ ከኃይል ምንጩ የሚመጣው አብዛኛው ወደ ስፒከር ይሄዳል። ኃይሉ ወደ አርባ ከመቶ ሲወርድ ግን ትራንዚስተሮቹ ከሁሉ ጊዜ የበለጠ ሙቀት ያፈልቃሉ። ለ35 ዋት ማጉያ በንድፈ ሐሳብ ስናሰላው በሙሉ ኃይል ጊዜ በየቻናሉ ወደ 9.6 ዋት፣ በሲሶው ጊዜ ግን ወደ 14 ዋት ሙቀት ይሆናል። ሲሶው ለዕቃው እረፍት ሳይሆን ከባዱ ፈተና ነው። አንዳንድ አምራቾች ደንቡን የተቃወሙትም ብዙ ሙቀት አስተላላፊ ብረት ስለሚጠይቃቸው ነበር።

ያ ሙቀት ወደ አየር መሄድ አለበት። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው 72 ከመቶ ገደማ ነው። ሞቆ በራሱ ወደ ላይ የሚወጣ አየር የሚያቀዘቅዘው መጠን በእፍጋቱ ካሬ ሥር ልክ ይቀንሳል ብንል፣ 0.85 አካባቢ ይደርሳል። በባሕር ጠረፍ በ40 ዲግሪ የሚሞቅ ብረት እዚህ ወደ 47 ዲግሪ ይሞቃል ማለት ነው። እስከዚህ ስንደርስ ብዙዎች ደጋው ዕቃውን ይጎዳዋል ብለው ይደመድማሉ። ሆኖም የፋብሪካው ስሌት በ25 ዲግሪ ክፍል ሲሆን የእኛ ክፍል ግን 16 ዲግሪ ነው። 25 እና 40 ሲደመር 65፤ 16 እና 47 ሲደመር 63። ደጋው በአንድ እጁ የወሰደውን በሌላው መለሰ። ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወረታ በኩል ብንወርድ አየሩ ጥቂት ይወፍራል፤ ክፍሉ ግን ይሞቃል። ወደ ጉና ብንወጣ የተገላቢጦሽ ነው። ለአንድ ሰዓት በሲሶ ኃይል ስናሠራው ብረቱ 61 ዲግሪ ላይ ቆመ፤ ከስሌቱ ብዙ አልራቀም።

ከፍታው የማይመልሰው ሌላ ነገር ግን አለ። የስፒከር ሽፋን በተመሳሳይ ኃይል ሲገፋ የሚፈጥረው የድምፅ ግፊት ከአየሩ እፍጋት ጋር ይሄዳል። እፍጋቱ 0.72 ሲሆን ግፊቱ በ3 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ያንኑ ግፊት ለማግኘት ኃይሉን ወደ እጥፍ ማሳደግ ይጠይቃል። ስለዚህ 35 ዋታችን በደብረ ታቦር አየር ውስጥ የሚያወጣው ድምፅ በባሕር ጠረፍ 18 ዋት ከሚያወጣው ጋር ይስተካከላል። ይህ የአምፕሊፋየሩ ጉድለት አይደለም፤ መልቲሜትሩም አያየውም። ሆኖም ለአዳራሽና ለዐውደ ምሕረት ዕቃ የሚመርጡ ሰዎች ከሌላ አገር መጽሔት ቁጥር ሲወስዱ ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

የኃይሉ ውጤት እነሆ። በ1,000 ኸርዝ፣ ሁለቱ ቻናሎች አብረው እየሠሩ፣ የመስመሩ ቮልቴጅ በቫርያክ 220 ላይ ተይዞ፣ ሞገዱ በኦሲሎስኮፕ ላይ አናቱ መቆረጥ ሲጀምር በጭነቱ ላይ 16.5 ቮልት አነበብን። 16.5 በራሱ ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል 34 ዋት ነው። ለዚህ ዕድሜ የሚያስመሰግን ነው። ከዚያ የመስመሩን ቮልቴጅ ወደ 198 አወረድነው፤ በከተማችን ምሽት ላይ የማይታወቅ ቁጥር አይደለም። መውጫው 14.7 ቮልት፣ ኃይሉም 27 ዋት ሆነ። ቮልቴጁ በዐሥር ከመቶ ሲወርድ ኃይሉ በካሬው ወደ 81 ከመቶ መውረድ ሲገባው ጥቂት አልፎ ወረደ፤ ትራንዚስተሮቹ ለራሳቸው የሚይዙት ቮልቴጅ ከመስመሩ ጋር አይቀንስምና። ሰባት ዋት ጠፋ ሲባል ብዙ ይመስላል። በጆሮ ግን አንድ ዴሲቤል ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሰው ልብ አይለውም። ሰዎች ስለ ዋት ይህን ያህል መጨነቃቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መዛባትን ለመለካት ውድ መሣሪያ የለንም፤ ባለ 24 ቢት የድምፅ ካርድና በነፃ የሚገኝ የስፔክትረም መተንተኛ ሶፍትዌር አለን። በካርዱ መግቢያ ላይ ቮልቴጁን ወደ ዐሥረኛ እጁ የሚያወርዱ ሁለት ሬዚስተሮች ካልታሰሩ ካርዱ ይቃጠላል። የካርዱ የራሱ መዛባትም አስቀድሞ፣ መውጫው ከመግቢያው ጋር ተገናኝቶ፣ ተለክቶ ይያዛል። ንጹሕ የ1,000 ኸርዝ ሞገድ እንልካለን፤ በ2,000፣ በ3,000፣ በ4,000 ላይ የሚበቅለው ሁሉ አምፕሊፋየሩ የጨመረው ነው።

በ20 ዋት ላይ የቀኙ ቻናል 0.07 ከመቶ፣ የግራው 0.09 ከመቶ መዛባት አሳዩ። በፋብሪካ ወረቀት መሠረት ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ ብዙ ፈታሾችም እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛ ግን የሁለተኛው መሪጌታ ቃል ነበረን፤ «ዝቅ ሲል ይሻክራል»። በክፍላችን ውስጥ አንድ አባት በለሆሳስ ሲያዜሙ ስፒከሩ የሚፈልገው ኃይል የዋት ክፍልፋይ ነው። ስለዚህ ወደ 50 ሚሊዋት ወረድን፤ በጭነቱ ላይ 0.63 ቮልት ማለት ነው። የቀኙ ቻናል 0.1 ከመቶ አካባቢ ቆየ። የግራው 0.9 ከመቶ ሆነ፤ ያውም የበዛው በሦስተኛው፣ በአምስተኛውና በሰባተኛው ሐርሞኒክ ነው፤ ጆሮ ከሚጠላቸው ወገን።

ይህ ባለሙያዎች ክሮስኦቨር ዲስቶርሽን የሚሉት ነው። ሥራው ከአንደኛው ትራንዚስተር ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ሞገዱ ዜሮን በሚያልፍበት ቦታ፣ ትንሽ እንቅፋት ይፈጠራል። እንቅፋቱ መጠኑ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ትልቅ ሞገድ ሲያልፍ አይታይም፤ ትንሽ ሞገድ ሲያልፍ ግን የሞገዱን ብዙ ክፍል ይይዛል። በሙሉ ዋት የተለካ ቁጥር ይህን ይሸፍነዋል። ይህ እንዳይሆን ፋብሪካው ሁለቱም ትራንዚስተሮች ያለ ምልክትም ቢሆን ጥቂት ከረንት እንዲያሳልፉ አድርጎ ያስተካክላቸዋል። የአሜሪካው መሐንዲስ በርናርድ ኦሊቨር እ.ኤ.አ. በ1971 ባቀረበው ትንተና በኤሚተር ሬዚስተሩ ላይ የሚገኘው ቮልቴጅ ወደ 26 ሚሊቮልት ሲጠጋ መሻገሪያው ከሁሉ ይለሰልሳል። ፋብሪካዎች ሙቀቱን ፈርተው ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ያዛሉ።

ክዳኑን ከፍተን በ0.47 ኦም ሬዚስተሮቹ ላይ ለካን። በቀኝ 12 ሚሊቮልት፣ ማለትም 25 ሚሊአምፔር ያህል። በግራ 2 ሚሊቮልት፣ ማለትም 4 ሚሊአምፔር ጥቂት ፈቀቅ ያለ። ጥፋተኛው የሽምብራ ፍሬ የምታህል ማስተካከያ ሬዚስተር ነበረች፤ ፊቷ በዕድሜ ብዛት ዝጎ ነበር። በአዲስ ተካናት። ዕቃው ለሠላሳ ደቂቃ ከሞቀ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ ሳይሆን ሲሞቅ፣ ግራውንም ወደ 12 ሚሊቮልት አመጣነው። በ50 ሚሊዋት ያለው መዛባት ወደ 0.12 ከመቶ ወረደ። የመሪጌታው ጆሮ የሰማው ሻካራነት የየኔታ ሳይሆን የግራው ቻናል ነበር።

የቀሩትን ልኬቶች ቶሎ ልለፋቸው። የቃና ቁልፎቹ መሐል ላይ ሲሆኑ የድግግሞሽ ምላሹ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ከአንድ ዴሲቤል ብዙም አይወጣም፤ «ላውድነስ» የሚለው ቁልፍ ከተጫነ ግን ዝቅተኛው ድምፅ ይወፍራልና ለምስክርነት በሚሰማበት ጊዜ ሁልጊዜ ይጠፋ። ያለ ጭነት 2.90፣ ከጭነት ጋር 2.83 ቮልት ስለሆነ የመውጫው ውስጣዊ ኦም 0.2 ነው፤ ስፒከሩን ለመግራት ይበቃል።

የጀርባ ጉርምርምታው ግን ከጠበቅነው በላይ ጠቀመን። የአምፕሊፋየሩ ጉርምርምታ በ50 ኸርዝ፣ ከትራንስፎርመሩ፣ እና በ100 ኸርዝ፣ ከማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ይታያል። እነዚህን ለክተን ከያዝን በኋላ ያከራከረውን ካሴት አጫወትን። በስፔክትረሙ ላይ ከእነዚህ ጎን ሌሎች መስመሮች ቆመው አገኘን፤ በ53.1፣ በ106.2፣ በ159.3 ኸርዝ። እነዚህ የአምፕሊፋየሩ ሊሆኑ አይችሉም፤ ከካሴቱ የመጡ ናቸው። ካሴቱ የተቀዳው ከመብራት መስመር በሚሠራ ቴፕ ነበር፤ የመስመሩም 50 ኸርዝ ሳይታወቅ ከዜማው ጋር አብሮ ተቀረጸ። አሁን 53.1 ሆኖ ከተነበበ ካሴቱ ከተቀዳበት ፍጥነት በ6.2 ከመቶ ፈጥኖ እየዞረ ነው። የመስመር ድግግሞሽ ከፍ ዝቅ ቢልም ይህን ያህል አይርቅም። የማጫወቻችንን ፍጥነት በሌላ ካሴት አስቀድመን ስላረጋገጥን፣ ቀርፎ ይዞር የነበረው የቀዳው ቴፕ ነው።

6 ከመቶ ማለት ግማሽ ቃና ያህል ነው። አምፕሊፋየር ድምፅን ሊያሻክር፣ ሊያወፍር፣ ሊያሳንስ ይችላል፤ ከፍታውን ግን ሊለውጥ አይችልም። ስለዚህ «ሻካራ ነው» እና «የልጅ ነው» የሚሉት ሁለቱ ምስክርነቶች ምንጫቸው የተለያየ ነበር። ደግሞም ሁሉም ኖታ በእኩል መጠን ከፍ ስለሚል በኖታዎቹ መካከል ያለው ርቀት አይዛባም፤ ግዕዙ ግዕዝ፣ ዕዝሉ ዕዝል፣ አራራዩም አራራይ እንደሆነ ይቆያል። የመጀመሪያው መሪጌታ በአወጣጡ ለይተው ያወቁት፣ ሁለተኛው በድምፁ የተጠራጠሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሁለቱም የሰሙትን ነው የተናገሩት።

ፍጥነቱን በሶፍትዌር አስተካክለን፣ በተጠገነው አምፕሊፋየር፣ ሁለቱን አባቶች ለየብቻ አሰማናቸው። ሁለተኛው አባት ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «አሁን እሳቸው ናቸው» አሉ። ለዚያ ካሴት የባለ ድምፁ ስም በመዝገቡ ገባ፤ ከስሙም አጠገብ የሁለቱ ምስክሮች ቃል፣ የፍጥነቱ ማስተካከያ ቁጥርና አምፕሊፋየሩ የተለካበት ቀን ተጻፈ።

ከዚያው ቤተሰብ የመጣ ሌላ ካሴት ግን አለ። በባትሪ የተቀዳ ነው፤ ምናልባት መብራት ባልነበረበት ደብር። በውስጡ ምንም የመስመር ጉርምርምታ የለም፤ ከበሮና ጸናጽልም ለከፍታ መመዘኛ አይሆኑም። በዚህ ላይ አባቶቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በመዝገቡ ላይ «ያልተወሰነ» ተብሎ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ሠርቶ ማሳያው እንለፍ። ያቺን የዛገች ማስተካከያ ለዛሬ ሲባል በግራው ቻናል ላይ በመቀያየሪያ መልሰን አስረናታል። መጀመሪያ በ20 ዋት፣ ቀጥሎ በ50 ሚሊዋት ሞገዱን በኦሲሎስኮፑ ላይ አሳያችኋለሁ፤ ከዚያ ካሴቱን በሁለቱም ዓይነት እናጫውታለን። መሪጌቶቻችን፣ ከፊት ያሉት ወንበሮች ለእናንተ የተተዉ ናቸውና እባካችሁ ቅረቡ። ጥያቄ ያላችሁም ከድምፁ በኋላ ብትጠይቁኝ እመርጣለሁ።